ጥቆማ፦ እናትን ይዞ የሮምን ፍርስራሽ በእግር ለማየት የቱ ይሻላል?

ከስቶክሆልም የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ነገሩ ገብቶኛል። እናትሽን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያላችሁ ሁለት ቀን ነው፣ ወረፋና ግፊያ አትፈልጉም። እኔ ሮም ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። እረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። እነዚያን ሰዓቶች ለዓመታት ያሳለፍኳቸው በእነዚህ ድንጋዮች መሃል ስለሆነ በእግሬ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ሁሉም ሰው ከኮሎሲየም ይጀምራል። እናንተ አትጀምሩ። ትኬቱ 18 ዩሮ ነው፣ አጠገቡ ያሉትን የፍርስራሽ ቦታዎች፣ ፎሮ ሮማኖንና ፓላቲኖንም ይጨምራል። ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ይዞ መሄድ ግድ ነው። ውስጡ ግን ደረጃ፣ ዳገትና ፀሐይ ነው። ለእናትሽ ከውጭ ዞር ዞር ብሎ ማየቱ ይበቃል፣ ለዚያ የሚከፈል የለም።

የእኔ ምርጫ ቪያ አፒያ የሚባለው የጥንት ሮማውያን መንገድ ነው። በሜትሮ ቢ መጥታችሁ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ውረዱ። ስትወጡ ትልቁን የፋኦን (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ ታያላችሁ። ድሮ የጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የተጀመረ ሕንፃ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልታችን በ1937 ከአገሩ ተነቅሎ መጥቶ የቆመው እዚህ ነበር። በ2005 በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አክስቴ ከጎንደር የመጣች ጊዜ መጀመሪያ ያመጣኋት እዚህ ነው። «የት ጋ ነበር?» አለችኝ። አሳየኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ተመስገን፣ ባዶ ነው» አለች። እኔም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣልኝ ጉብኝቱን የምጀምረው ከዚሁ ቦታ ነው።

ቦታውን የምወደው ለሌላም ነገር ነው። ቪያ አፒያ የሚነሳው ፖርታ ካፔና ከሚባለው ከዚያው ከጥንቱ የከተማ በር ነበር። አፒዮስ ክላውዲዮስ የሚባል ባለሥልጣን በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት አስጀመረው፣ ኋላ እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ድረስ ዘለቀ። ዩኔስኮም በ2024 መዝግቦታል።

ከዚህ እስከ ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ በእግር መሄድ ይቻላል፣ በመንገዳችሁ የካራካላን መታጠቢያ ታያላችሁ። ከበሩ ወዲያ ግን በእግር አትሂዱ! የእግረኛ መንገድ የለም፣ መኪና ደግሞ ይበራል። 118 ቁጥር አውቶቡስ ያዙና ካታኮምቦቹ (የጥንት ክርስቲያኖች የምድር ውስጥ መቃብሮች) ጋ ውረዱ። የሳን ካሊስቶ ረቡዕ፣ የሳን ሴባስቲያኖ እሁድ ዝግ ነው። የካታኮምብ ደረጃ ለጉልበት ከባድ ስለሆነ እናትሽ ባይወርዱ ይሻላል። ይልቅ የንጉሡን የማክሴንቲየስን የፈረስ መሮጫ ሜዳ አሳዪያቸው።

ትንሽ አለፍ ሲል ቼቺሊያ ሜቴላ የምትባል የጥንት ሮማዊት ወይዘሮ መቃብር አለ። ክብ ግንብ ነው። ቀና ብለሽ ጠርዙን እይ፤ ድንጋዩ ላይ የበሬ ራሶች በአበባ ጉንጉን ተያይዘው ተቀርጸዋል። ስሟም ያለበት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ነው ጸጥታው የሚመጣው። ግራ ቀኙ ጥድና መቃብር ነው፣ መሬቱ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የጋሪ ጎማ ያረሰው ቦይ አለ፣ እጄን ሳልሰድበት አላልፍም። ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ እናትሽ ከዳር ባለው የአፈር መንገድ ይሂዱ።

በሳይክል ይሻላል ወይ ብለሽኛል። ከእናትሽ ጋር ከሆነ አይሆንም። ለብቻሽ ከሆነ ጎማው ሰፊ የሆነውን ኤሌክትሪኩን ውሰጂ፣ ፍሬኑን ግን ሳትሞክሪ አትክፈይ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የወሰድኩት ፍሬኑ አልይዝ ብሎኝ ግማሹን መንገድ እየገፋሁት ተመልሻለሁ፣ ገንዘቤንም አልመለሱልኝም። እንደ ጎልፍ መኪና ባለች ትንሽ መኪና የሚያስጎበኙም አሉ። ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ግን ይወደዳል። በጆሮ የሚሰማ ማስጎብኛም ተከራይቼ አውቃለሁ፣ በሞከርኳቸው ውስጥ አማርኛ አልነበረም። አንቺ ማታ ትንሽ አንብበሽ ብትነግሪያቸው እናትሽም የበለጠ ደስ ይላቸዋል።

ለሁለተኛው ቀን ኦስቲያ አንቲካ፣ የጥንቷ ሮም የወደብ ከተማ። ከፒራሚዴ ሜትሮ አጠገብ ካለው ከፖርታ ሳን ፓውሎ ጣቢያ በባቡር ነው የሚኬደው፣ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ይሠራል። ሰኞ ዝግ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ያለው ድልድይ ደረጃ ስላለው ቀስ ብላችሁ ውጡ። ውስጡ ሙሉ ከተማ ነው። አንድ ጥንታዊ ምግብ ቤት አለ፤ የድንጋይ ባንኮኒው፣ መደርደሪያው፣ ግድግዳው ላይ የተሳለው የሚሸጠው ምግብ፣ ሁሉም አለ። የሰፈር ሻይ ቤት የገባሽ ነው የሚመስልሽ። የነጋዴዎቹ አደባባይ ደግሞ መሬቱ በጠጠር ሥዕል የተሞላ ነው። ዝሆን ያለበትን ፈልጊ፤ የዛሬዋ ሊቢያ ውስጥ ካለችው ሳብራታ የመጡ ነጋዴዎች ምልክት ነው።

እናትሽ ከደከማቸው የውኃ ቦዮቹን ፓርክ አትርሺ። በሜትሮ ኤ ጁሊዮ አግሪኮላ ወርዶ ጥቂት መራመድ ነው፣ ሜዳ ነው፣ በነፃ ነው። አመሻሽ ላይ በ52 ዓ.ም. ያለቀው አኩዋ ክላውዲያ የሚባለው የጥንት የውኃ ቦይ ቅስቶች ወርቅ ይመስላሉ።

ጫማችሁ ወፍራም ሶል ያለው ይሁን። ውኃ አትግዙ፣ በየመንገዱ ካሉት የብረት ቧንቧዎች ጠርሙስ ሙሉ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ኮሎሲየምም ኦስቲያም በነፃ ናቸው፣ ኮሎሲየም ጋ ያለውን ሰው ግን አትችሉትም።

የምትመጡበትን ቀን ንገሪኝ። ሐሙስ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ቺርኮ ማሲሞ መውጫው ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ የሐውልቱን ቦታ ለእናትሽ እኔው አሳያቸዋለሁ።