ከቢራቢሮ ወደ አይሻ መሻገር አቃተኝ

ፖል ዳንስ (በቆመ ዘንግ ላይ የሚሠራ ዳንስ) የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። (እናቴ ጂምናስቲክ ነው የሚመስላት፤ እሱን ተዉት።)

ተገልብጬ መውጣት፣ በጉልበቴ ቆልፌ መንጠልጠል፣ ቢራቢሮም (ተገልብጦ በሁለት እጅና በአንድ እግር ዘንጉን ይዞ መዘርጋት) ቢሆን አሁን ምንም አይሉኝም። አይሻ (ተገልብጦ ሁለቱንም እግር ለቆ በእጅ ብቻ ዘንጉ ላይ መቆየት) ግን እምቢ አለችኝ። የላይኛውን ክንዴን በክርኔ እጥፋት ዘንጉ ላይ እጠመጥማለሁ፣ በታችኛው እጄ እገፋለሁ፣ ከዚያ ዘንጉን የያዘውን እግሬን ልለቅ ስል ዳሌዬ ተመልሶ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል። ትናንት በስልክ ቀርጬ አየሁት፦ የታችኛው ክርኔ ታጥፏል፣ መቀመጫዬም ከትከሻዬ መስመር ወጥቶ ወደ ጎን ተንጋዷል። አስተማሪዬ «ዳሌሽን ወደ ኋላ፣ ከትከሻሽ በላይ!» ትለኛለች። ተዘቅዝቄ ሳለሁ ግን ወደ ኋላ የትኛው እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ፍራቻም አለበት መሰለኝ። አንድ ቀን ቅባት ተቀብቼ ሄጄ ተንሸራትቼ በትከሻዬ ፍራሹ ላይ አረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን የሚይዘው እግሬ ልቀቅ ስለው አይታዘዘኝም።

የክርኑን አያያዝ ትቼ መጀመሪያ ከክርኔ በታች ያለውን ክንዴን ዘንጉ ላይ አስደግፌ ብሞክረው ይሻላል? ወይስ ከመሬት በእጄ ቆሜ፣ ዘንጉን ተደግፌ ሚዛኑን ልልመደው? ዘንጉ 45 ሚሊሜትር ነው፣ እጄ ትንሽ ናት። እጅ አጠማዞ መያዝን የምትመክሩኝ ካላችሁ፣ ለትከሻዬ ስለምሰጋ እሱ ለጊዜው ይቅርብኝ።