ፊልሙ ገና ሲኒማ ቤት እያለ ሂስ ይጻፍበት ወይስ ይቆይ?

ረድፍ ሰባት፦
አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም አየሁ። በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ክርክሩ ስለ እሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን አልጠራም። ማታ ቤቴ ገብቼ የተሰማኝን ጻፍኩ። ትወናው ልብ ይነካል አልኩ። ታሪኩ ግን መሃል ላይ ይበጠሳል፣ ንግግሩ በደንብ አይሰማም፣ መጨረሻውም ተቻኩሏል አልኩ። በማግስቱ ከፊልሙ ሠሪዎች አንዱ ደወለልኝ። አልተሳደበም። «ሁለት ዓመት የለፋንበትን ነገር በአንድ ማታ ዘጋሽብን። ቢያንስ ከሲኒማ ቤት እስኪወርድ ብትጠብቂ ምን ነበረበት?» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የእኔ አቋም ይኼ ነው። ሂስ መጻፍ ያለበት ፊልሙ እየታየ ሳለ ነው። ጫማ ስገዛ ለክቼ ነው። ለፊልም ግን የምከፍለው ሳላየው ነው። በእጄ ያለው ፖስተሩና ትሬይለሩ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ያዘጋጀው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው። ትኬት አለ፣ ታክሲ አለ፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መውጣት አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሂስ ለእኔ ለከፋይዋ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፦
እህቴ፣ ጽሑፎችሽን ሁሌም አነባለሁ። ግን አንቺ የምታዪው ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ሆነሽ ነው። እኔ ከውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ።

የአማርኛ ፊልም ዕጣው የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜና እሁዶች ነው። ከሞላ ሲኒማ ቤቱ የማታውን ሰዓት ይተውለታል። ካልሞላ በሳምንቱ ወደ ቀን ስምንት ሰዓት ይገፋል። በሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ማን ይመጣል? ጥቂት ፍቅረኛሞችና ዝናብ የያዘው ሰው። ከዚያ ለአዲስ ፊልም ቦታ ልቀቅ ይባላል።

ድሮ ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ እኔን ነበር የሚጠይቀው። ጥያቄውም አንድ ነበር፤ «ያስቃል?» በኋላ ግን ስልኩን እያነበበ መምጣት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስት መስኮቴ ላይ ደርሰው፣ ሴቲቱ ብሩን አውጥታ ይዛ፣ ባልየው ስልኩ ላይ የሆነ ነገር አነበበላት። ብሩን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችው። ማዶ ካለው ካፌ ገብተው ማኪያቶ ሲጠጡ አያቸው ነበር። ያን ቀን አዳራሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

የውጭ ፊልም አዲስ አበባ ላይ ቢወድቅ ሌላ ዓለም አለው። የእኛ ፊልም ግን የት ይሄዳል? በእኔ ጊዜ ፒያሳ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ አምባሳደር፣ ቦሌ ላይ ዓለም ሲኒማ እያልሽ ስትቆጥሪ ቶሎ ትጨርሻለሽ። እዚያ ካልተሸጠ የትም አልተሸጠም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ብትታገሺ ሐያሲነትሽ አይቀንስም። ያ ልጅ ግን ቀጣዩን ፊልም የሚሠራበት ገንዘብ ያገኛል።

የመርካቶ ልጅ፦
ልጆቼ፣ እኔ ስልሳውን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ሲኒማ ራስ ያሳደገኝ ነኝ። የህንድ ፊልም ያለ ትርጉም አይተን ዘፈኑን በቃላችን ይዘን እንወጣ ነበር። ክፉው ሰው ከጀርባ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ «ኧረ ከኋላህ!» ብሎ ይጮሃል። ያልጣመን ነገር ሲመጣ ደግሞ ፉጨቱ ጣሪያውን ይነቅለው ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እኛ ስንወጣ ቀጣዩን የሚጠብቀው ሰልፈኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። «እንዴት ነው?» ይለናል። «ግባ!» እንለዋለን፣ ወይም «ይቅርብህ» እንለዋለን። ሰልፉን ጥሎ የሄደም አይቻለሁ። ዘበኛው «ዝም በሉ፣ ገበያ አትዝጉ» አላለንም። ይቺ ልጅ የጻፈችው በር ላይ የምንናገረውን ነው። አባቶቻችን እዚህ ከተማ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብለው ነበር የሚጠሩት። ከዚያ የከበደ ሂስ አላውቅም። ሲኒማው ግን አልሞተም።

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፦
ጋሼ፣ እርስዎን መቃወም ይከብደኛል። ግን በር ላይ የሚሰማዎት አንድ ሰልፍ ነው። እሷን በአንድ ማታ የሚያነባት ሰው ስንት አዳራሽ ይሞላል? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የድምፅ ሰው፦
«ንግግሩ አይሰማም» የሚለው ላይ ልግባ። የእኔ ሙያ ነው፤ ያንገበግበኛልም።

ሚክስ የምናደርገው፣ ማለትም ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ የምናዋህደው፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፏል። ስፒከሩ ከፊቴ አንድ ሜትር አይርቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ በሄድፎን ነው የምጨርሰው። እዚያ ተዋናይቷ ምራቋን ስትውጥ እንኳ ይሰማል። ያንኑ ፋይል ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስትከፍቺው ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። ዝናቡ፣ ክራሩና ንግግሩ አንድ ላይ ይቦካሉ። ለሲኒማ ተብሎ የሚዘጋጅ ፊልም ንግግሩን ለብቻው ከስክሪኑ ጀርባ መሃል ላይ ወዳለው ስፒከር ይልከዋል። እኔ የሠራሁባቸው አብዛኞቹ ፊልሞች ግን ግራና ቀኝ ብቻ ያላቸው ስቴሪዮ ናቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኛም ነው። ፊልሙ ከመመረቁ በፊት አንድ ጠዋት አዳራሹን ለምነን፣ ሃርድ ዲስኩን ይዘን ሄደን፣ ባዶ ወንበር መሃል ተቀምጠን ማዳመጥ አለብን። እኔ ይህን ያደረግኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሙዚቃውን በጣም ዝቅ አድርጌ ተመልሻለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የምርቃቱ ፖስተር ከተለጠፈ በኋላ ነው ሥራው እኔ ጋ የሚደርሰው። ቀለም የሚያስተካክለው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ እሱም ይቻኮላል።

የአዳራሹም ጥፋት አለበት። ስፒከር ይቀደዳል፣ አይቀየርም። የፕሮጀክተር አምፖል ሲያረጅ ብርሃኑ ይደክማል፣ የማታ ትዕይንት ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል። ከዚያ ሐያሲው «ካሜራማኑ መብራት አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። ካሜራማኑ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ ጻፊ። ቶሎም ጻፊ። ግን የት አዳራሽ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ወንበር ላይ ሆነሽ እንዳየሽ አብረሽ ጻፊ። ያን ቀን የት ነበር የተቀመጥሽው?

ረድፍ ሰባት፦
ረድፍ ሰባት፣ ከግራው ግድግዳ ሁለተኛው ወንበር። ዘግይቼ ነበር የደረስኩት።

ከዱባይ፦
እኔ የዕረፍት ቀኔ በሳምንት አንድ ናት። ፊልም የማየው በስልክ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ። ከአራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን፣ ቡና አፍልተን። ሰው የጻፈውን አንብቤ ነው ለሁሉም የምመርጠው። መጥፎ ከመረጥኩ ያቺ ቀን ሄደች። እባካችሁ ጻፉ፣ አትጠብቁ።

ባለክፍለ ሀገሩ፦
እኔ ያለሁባት ከተማ ሲኒማ ቤት የላትም። ኳስ የሚያሳዩ የዲኤስቲቪ ቤቶች ግን ሞልተዋል። «ሁለት ሳምንት ታገሡ» ስትሉ እኔ ወራት ስጠብቅ የምኖር ሰው ነኝ። እስከዚያ ስለ ፊልሙ የማውቀው ሌላው የጻፈውን ብቻ ነው። እሱንም ካዘገያችሁብኝ ምን ይቀረኛል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የአማርኛ ፊልም ከመጣ የሚመጣው ለአንድ ማታ ነው። አዳራሽ ተከራይተው፣ ትኬቱን ሬስቶራንትና ሱቅ ላይ ሸጠው። ሂስ ቢጻፍም ባይጻፍም የመጣው መጥቷል።

ግን አንድ ታሪክ ላንሳ። ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን ሲጨርሱ እዚህ አሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1993 ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ፊልሙን በእግሩ ያቆመው ያየው ሰው ላላየው ያወራው ወሬ ነው። ዛሬም ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍት ቤታቸው በዚያው ፊልም ስም ነው የሚጠራው። ወሬ ገበያ ይዘጋል የምትሉ ሰዎች፣ ወሬ ገበያ እንደሚከፍትም አስታውሱ። ሁሉም ዝም ቢል ጥሩው ፊልም ከመጥፎው በምን ይለያል?

በ2001 ዓ.ም. የእሳቸው ሌላ ፊልም «ጤዛ» አዲስ አበባ ሲታይ ለእረፍት መጥቼ ነበር። ፊልሙ ቬኒስ ላይ ተሸልሞ ነው የመጣው። ሰዉ ግን የሽልማቱን ወሬ ትቶ ስለ ደርግ ዘመን፣ ስለ ምሁሩ፣ ስለ እናቱ እየተከራከረ ነበር የሚወጣው። አጎቴ ተናዶ ወጣ፣ አክስቴ አልቅሳ ወጣች፣ እራት ላይ ተጣሉ። አጎቴ በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ ገባ።

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፦
የአጎትህን ዓይነት ሰው መስኮቴ ላይ አውቀዋለሁ። ተናድዶ የሚመለስ ደንበኛ ጥሩ ደንበኛ ነው። ይህን ላንተ እሰጥሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ድሮ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ሲወርድ ቪሲዲ ይወጣ ነበር። ያንን የቅጂ ሌባ በላው። የቅጂ መብት አዋጁ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ቁጥሩ 410 ነው፤ በ2007 ተሻሽሏል። ያም ሆኖ ፊልሙ አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ሲሸጥ ኖረ። አሁን ያለው ዩቲዩብ ነው። ፊልም ሠሪው የሐያሲን ብዕር የሚፈራው የሚተማመንበት ሌላ በር ስለሌለው ነው። ክፋት እንዳይመስላችሁ።

አንባቢ ብቻ ነኝ፦
እኔን የሚያናድደኝ የሂሱ ጊዜ ሳይሆን የሂሱ ዓይነት ነው። አብዛኛው ታሪኩን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ተርኮ መጨረሻ ላይ «ተመችቶኛል» ይላል። ሌላው የግብዣ ትኬት ተሰጥቶት፣ ምርቃቱ ላይ ከተዋናዮቹ ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ ማታውን ያሞግሳል። ለመጽሐፍ እነ አብደላ ዕዝራን የመሰሉ ሐያሲያን ነበሩን። ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ፈትተው፣ ገጣሚው ራሱ ያላየውን ያሳዩ ነበር። ለፊልም እንዲህ ትዕይንት በትዕይንት የሚፈታልን ማን ነው? ረድፍ ሰባት፣ አንቺ በራስሽ ገንዘብ ነው የገባሽው?

ረድፍ ሰባት፦
በራሴ ነው። የግብዣ ትኬት ተቀብዬ አላውቅም። መጨረሻም አልተርክም።

የድምፅ ሰው ከጠየቀኝ ወዲህ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትናንት ያንኑ ፊልም ሌላ ሲኒማ ቤት ሄጄ ደግሜ አየሁት። በጊዜ ደርሼ መሃል ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ሰው ነበርን።

አንድ ትዕይንት አለ። እናትየው ማዕድ ቤት ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ውጭ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። የመጀመሪያው ቀን ያየሁት እናትየው ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ ልጅቷም ዞራ ስትወጣ ነው። ቤታቸው ለምን እንደተሸጠ ፊልሙ ሳይነግረን አለፈው ብዬ የጻፍኩት ለዚያ ነበር። ታሪኩ ተበጠሰ ያልኩትም እዚህ ጋ ነው። ትናንት ግን ሰማሁት። እናትየው ቀና ሳትል፣ ጠጠሩን ወደ ጎን እያደረገች፣ «ቤቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ» ትላለች። አራት ቃል ናት። ሁለተኛው ግማሽ ሁሉ በእነዚያ ቃላት ላይ ነው የቆመው። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ውይ!» አሉ።

ለደወለልኝ ልጅ ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። በመጀመሪያው አዳራሽ ስፒከሩ ችግር እንዳለበት እነሱም ያወቁት ከሳምንት በኋላ ነው። «አንቺ ባትጽፊ ኖሮ ሄደን አናዳምጥም ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «ግን በዚያች ሳምንት የሄደብንን ሰው ማንም አይመልስልንም» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ አቋሜን አልቀየርኩም። ፊልም እየታየ ይጻፍበት። የሠራሁትን ስህተት ግን ፊልሙ ሳይወርድ ማረም ነበረብኝ፤ ዛሬ አርሜዋለሁ። ንግግሩ አይሰማም ያልኩትን አላጠፋሁትም፣ የት አዳራሽና የት ወንበር ላይ እንደነበርኩ ጨመርኩበት። ታሪኩ ይበጠሳል ያልኩትን ሰርዤ ለምን እንደሰረዝኩት ከላይ ጻፍኩ። መጨረሻው ተቻኩሏል ያልኩት ባለበት ይቆያል። ደግሜ ሳየውም ተቻኩሏል።

የድምፅ ሰው፦
ሙዚቃው በዚያ ማዕድ ቤት ትዕይንት ላይ ነበር ወይስ ዝናቡ ብቻ?

ረድፍ ሰባት፦
ሁለቱም። ክራሩ ቢወጣ ዝናቡ ብቻውን ይበቃት ነበር።