ከአንኮበር ቁልቁለት በሳይክል እንዴት ልውረድ?

ሰላም ወገኖች። ከደብረ ብርሃን በአንኮበር አድርጌ አልዩ አምባ ድረስ በሳይክል መሄድ እፈልጋለሁ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘርዓ ያዕቆብ ከቆረቆራት ከተማ ወደ ጥንቱ የነጋዴዎች ገበያ፣ በዝግታ፣ የሞተር ድምፅ ሳይኖር። ደጋው ላይ ችግር የለም፤ የገብሱ ማሳ አንጀት ያርሳል። ጣጣው ከአንኮበር ሲወረድ ነው።

ፍሬኔ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ዓይነት ነው። ከኋላ ድንኳንና ልብስ ጭኛለሁ፣ ወደ 15 ኪሎ። ባለፈው ቁልቁለቱን ሳላጋምስ ቸርኬው እጅ እስኪያቃጥል ጋለ፣ ላስቲኩ ሸተተ፣ የኋላው የውስጥ ጎማ ፈነዳ። ላስቲኩን በአዲስ ቀየርኩ፣ ሽቦውን አጠበቅኩ፤ ያው ነው። ዲስክ ፍሬን እንዳላስገጥም ሹካው ማሰሪያ የለውም።

ጭነት ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቁልቁለት የወረዳችሁ፣ ቸርኬው እንዳይግል ፍሬኑን እንዴት ነው የምትይዙት?