የነባር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጉዳይ ተሰጠኝ፤ ከየት ልጀምር? (ዋሽንግተን ስቴት)

ጠመኔ

ጤና ይስጥልኝ። ከሲያትል በስተደቡብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት (ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል) የቤተሰብ አገናኝ ነኝ። እስካሁን ሥራዬ በአብዛኛው ከሐበሻና ከሶማሌ ወላጆች ጋር ነበር። ዘንድሮ የነባር አሜሪካውያን ተማሪዎችም ወደ እኔ መጥተዋል፣ የተረከብኩት ግን አንድ ፋይልና አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ 6 ልጆች አሉ ይላል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ወላጆች የሞሉት 19 ፎርም አለ። የቱን ልመን? ኖቬምበር ላይ "የባህል ቀን አዘጋጂ" ተብያለሁ። የሚቀሩ ልጆችም በዝተዋል፣ በተለይ በበልጉ፣ ማለቴ እዚህ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት። ስለ ባህላቸው ብዙ አላውቅም፣ ሳላውቅ እንዳላበላሽ ነው የምፈራው። በዚህ ሥራ ያላችሁ እባካችሁ።

ሰኔ30

ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው፤ የተቆጠረው ነገር ነው የተለያየው።

6 የሚለው ከምዝገባው ኮምፒውተር የወጣ የዘር መረጃ ነው። በለመድነው የፌዴራል አቆጣጠር ወላጅ "ነባር አሜሪካዊ" እና "ነጭ" ሁለቱንም ካመለከተ ልጁ "ሁለትና ከዚያ በላይ" የሚለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሂስፓኒክ ነው ካለ ደግሞ ሌላው ምልክት ሁሉ ተውጦ ሂስፓኒክ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የሚተርፉት ሌላ ምንም ያላመለከቱት ናቸው። የውጤት ስብሰባ ላይ "ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ለብቻ አናወጣውም" ሲባል ከሰማሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

19ኙ ፎርም 506 ነው። ይሄኛው የሚጠይቀው ዘር ሳይሆን የጎሳ አባልነት ነው። ልጁ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ፣ ወይም ከአያቶቹ አንዱ አባል ከሆነ ይበቃል። የደም መጠን የሚባል ነገር አይጠይቅም። ታይትል ሲክስ የሚሉት ገንዘብ (መነሻው የ1972ቱ የኢንዲያን ትምህርት ሕግ ነው) የሚሰላው በዚህ ፎርም ብዛት ነው። ቁጥሩ የሚታየው በዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ደረጃ ሲሆን ቢያንስ 10 ልጅ ወይም ከጠቅላላው ተማሪ 25 በመቶ ያስፈልጋል፤ ሪዘርቬሽን (ለጎሳ የተከለለ መሬት) ላይ ወይም አጠገቡ ያለ ዲስትሪክት ከዚህ ገደብ ነፃ ነው።

አሁን 19ኙን አንድ በአንድ አውጥተሽ እዪ። ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በእነዚህ ነው፦

የጎሳው ስም ሙሉ አይደለም። "ቼሮኪ" ብቻ ከተጻፈ አይበቃም፣ በፌዴራል መንግሥት የታወቁ የቼሮኪ ጎሳዎች ሦስት ናቸውና የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

አባሏ አያት ሆና ሳለ የአያት ስም መጻፊያው ባዶ ነው፣ ወይም የልጁ ስም ተደግሞ ተጽፎበታል።

ፊርማ ወይም ቀን የለም። ወይም ቀኑ ቆጠራው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከሕንድ አገር የመጣ ቤተሰብ "ኢንዲያን" የሚለውን አይቶ በቅንነት ሞልቶታል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የፑንጃብ ሰው በሚበዛበት አካባቢ ተጠንቀቂ።

አንዴ በደንብ የተሞላ ፎርም በየዓመቱ አይታደስም። ልጁ ዲስትሪክት ሲቀይር ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አብሮት አይመጣም፤ አዲስ የገቡትን ከቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ጠይቂላቸው።

ሌላው፣ ፎርሙን በነሐሴ ከሚላከው የምዝገባ ወረቀት ክምር ውስጥ አትክተቺው። መንግሥት የጎሳ ቁጥር እየጠየቀ ነው፣ እነዚህ ቤተሰቦች ደግሞ መንግሥት ልጆቻቸውን ዘርዝሮ ሲወስድ ያዩ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ካርላይል የተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት በ1879 ተከፍቶ፣ ተመሳሳዮቹ በመላ አገሪቱ ተባዙ። እዚሁ ቱላሊፕም ታኮማም ነበሩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ2024 ባወጣው ሪፖርት 417 እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ቆጥሯል፣ በትንሹ 973 ልጆች እዚያ እንደሞቱም አረጋግጧል። ስለዚህ ፎርሙን በእጅ ስጪ፤ ለምን እንደሚሞላ፣ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቆለፍ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። አልሞላም ያለ ወላጅ ደግሞ መብቱ ነው፣ ልጁ ከእርዳታሽ አይወጣም።

ገንዘቡ ከመጣ የወላጅ ኮሚቴ ይኖራል፤ አብዛኞቹ አባላት የነዚሁ ልጆች ቤተሰቦች መሆን አለባቸው፣ ማመልከቻውንም በጽሑፍ ያጸድቃሉ። በተግባር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ያለቀ ዕቅድ በመጨረሻው ሳምንት ይቀርብና "እዚህ ጋ ፈርሙ" ይባላሉ። በጀቱ ገና ባዶ እያለ ጥሪያቸው። ገንዘቡ ዲስትሪክቱ ራሱ ሊከፍለው የሚገባውን መተካት አይችልም፣ ተጨማሪ ነው መሆን ያለበት። ያለፈው ዓመት ግራንት ከ40,000 ዶላር ካለፈ ወይም ከተማሪው 50 በመቶው ነባር አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ዲስትሪክቱ ከማመልከቱ በፊት ጎሳውን የማማከር ሕጋዊ ግዴታ አለበት።

አንቀጽ 17

ስለ ኖቬምበሩ ልመልስ። የባህል ቀኑን ከሰረዙልሽ እሰየው። ካልሰረዙልሽ ቢያንስ ልጆቹን መድረክ ላይ አታውጫቸው። የ12 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት የሕዝቡ አምባሳደር ሁን ሲባል ምን እንደሚሰማው የእኛ ልጆች ያውቁታል፤ በየዓመቱ "ስለ እንጀራ ንገሪን" የምትባለዋን ልጅ ጠይቂ። የወረቀት ላባ፣ የወረቀት ድንኳን፣ የፊት ቀለም የሚባል ነገር ደግሞ በር ላይ ይቅር። (በነገራችን ላይ እኛም ቤት ውስጥ "ቀይ ሕንድ" ማለቱን እንተው። የጎሳውን ስም መጥራት ነው የሚሻለው።)

ጎሳ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። እዚህ ጎሳ ማለት ከአሜሪካ ጋር ውል የተፈራረመ፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ የትምህርትና የዓሣ ሀብት ክፍል ያለው መንግሥት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በፌዴራል የታወቁ 29 አሉ። ከ2015 ጀምሮ በስቴቱ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ጎሳዎቹ ታሪክ፣ ባህልና አስተዳደር ማስተማር አለባቸው፣ በተለይም በአቅራቢያቸው ስላለው። የማስተማሪያው ጽሑፍ ከስቴቱ ትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። የሕጉን ረቂቅ ይዘው የታገሉት ጆን ማኮይ የቱላሊፕ ጎሳ ሰው ነበሩ፣ ጽሑፉም አሁን በስማቸው ይጠራል። እያንዳንዱ ክፍል በሦስት ደረጃ ተዘጋጅቷል፤ ጊዜ የለኝም የሚል መምህር ከአንደኛው ይጀምር።

አንዱን ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው፣ ከእናንተ ሰፈር ስለማይርቅ። በዲሴምበር 1854 የዋሽንግተን ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ ሜዲሲን ክሪክ በተባለ ቦታ የአካባቢውን ጎሳዎች ውል ያስፈርማል። ውሉ የተተረጎመው ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ባሉት የንግድ ቋንቋ፣ በቺኑክ ጃርገን ነው። በዚያ ቋንቋ የመሬት ባለቤትነት እንዴት እንደሚብራራ አስቢው። የውጫሌን ውል የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አንቀጽ 17 በአማርኛው ቢፈልጉ የሚያደርጉት ነገር፣ በጣልያንኛው ግዴታ። የሜዲሲን ክሪኩ ውል ግን ለጎሳዎቹ አንድ ነገር አስቀርቶላቸዋል፦ በለመዱት ቦታ "ከዜጎች ጋር በጋራ" ዓሣ የማጥመድ መብት። ይህችን "በጋራ" ለመተርጎም 120 ዓመት ፈጀ። በፌብሩዋሪ 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት እኩል ይካፈላሉ ማለት ነው ብሎ ፈረደ፣ እስከ 50 በመቶ።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህሩን አስገቢው። 50 በመቶው የሚሰላው ከሚመጣው ዓሣ ሁሉ አይደለም። መጀመሪያ ለመራባት ወደ ላይ የሚያልፈው ይቀነሳል። ለምሳሌ 100,000 ሳልመን መጥቶ 40,000 እንዲያልፍ ቢወሰን፣ የሚጠመደው 60,000 ነው፤ የጎሳዎቹ ድርሻ 30,000 እንጂ 50,000 አይደለም። ልጆች ይህን ሠርተው ሲጨርሱ "ግማሹን ዓሣ ወሰዱብን" የሚለው የሰፈር ወሬ በራሱ ይወድቃል። ክፍል ውስጥ ያለው የማክልሹት (የዚሁ አካባቢ ጎሳ) ልጅም አንድ ቃል ሳይናገር ቀና ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ውጫሌን ለራስሽ መረዳት ተጠቀሚበት፣ ትምህርቱን ግን የዓድዋ ትምህርት አታድርጊው።

ሌላው፣ ሲያትል አካባቢ ስብሰባ ሲከፈት "በዱዋሚሽ ጎሳ ምድር ላይ ነን" ይባላል። ዱዋሚሾች በ1855ቱ የፖይንት ኤሊየት ውል ውስጥ አሉ፣ የፌዴራል እውቅና ግን የላቸውም። የ2015ቱ የትምህርት ሕግ ደግሞ የሚያወራው እውቅና ስላለው ጎሳ ነው፤ ለእናንተ ያ ማክልሹት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ ንግግር በሁለቱም በኩል ቅሬታ ያመጣል። የጎሳውን ትምህርት ክፍል ደውለሽ ሳትጠይቂ አታስነብቢ።

ካውንስለሩ

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መቅረቱን አስቀድም ነበር፣ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለሆነ።

በልግ የሳልመን ወቅት ነው፣ ቤተሰቡ ወንዝ ላይ ነው። ሌላው ትልቁ ምክንያት ቀብር ነው። ሥርዓቱ ቀናት ይፈጃል፤ የአክስት ልጅ እንደ ወንድም ይታያል፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ግን "የቅርብ ቤተሰብ" ብሎ ወላጅና ወንድም ላይ ያቆማል። ለቅሶ የሚቀመጥ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በስቴቱ ደንብ ሃይማኖታዊና ባህላዊ ምክንያት በፈቃድ ከሚያስቀሩት ውስጥ ተዘርዝሯል። ችግሩ ኮዱ ነው፦ ወላጅ ደውላ "ጉዳይ ገጥሞን ነው" ትላለች፣ ቢሮው ያለፈቃድ ብሎ ይመዘግባል፣ ኮምፒውተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በራሱ ይልካል። ለቅሶ ቤት የፍርድ ቤት ማስፈራሪያ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ መቅረት ከሚመዘግበው ሠራተኛ ጋር ተስማሚ፤ የነዚህ ልጆች ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት አንቺ ትደውዪ። ምክንያቱን ዘርዝሩ አትበያቸው፣ "ባህላዊ" ማለት ይበቃል።

አምስት ቀን ለሚቀር ልጅ የአምስት ቀን የቤት ሥራ አትጫኚ፣ አይሠራውም፣ ሲመለስም አፍሮ ይቀራል። ከየመምህሩ የማይታለፉትን ሁለት ነገር ብቻ አስመርጪ፣ ሲመለስም በመጀመሪያው ቀን ከአንቺ ጋር 20 ደቂቃ ይቀመጥ።

ፀጉር። ማንም አይንካ፣ በጨዋታም ቢሆን። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ልጅ እንደገባ የሚያደርጉት አንዱ ነገር ፀጉሩን መቁረጥ ነበር። በብዙ ጎሳዎች ደግሞ ፀጉር የሚቆረጠው ለሐዘን ነው። ሹሩባ የነበረው ልጅ ተቆርጦ ከመጣ "አማረብህ" ከማለት በፊት ደህና መሆኑን ለብቻው መጠየቅ ነው።

ጠመኔ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ ፎርሞቹን አወጣሁ፤ አራቱ ፊርማ የላቸውም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ሁለት ልጆች በጎሳቸው ቋንቋ ስም አላቸው፣ መምህራኑ አሳጥረው ነው የሚጠሯቸው። አንዷ እናት ደግሞ ልጄ 8ኛ ክፍል ሲጨርስ የንስር ላባ አደርግለታለሁ ብላለች።

ፊደል ገበታ

ስሙ ላይ አንቺ ከማንም የተሻልሽ ነሽ። የዚህ አካባቢ ቋንቋ ሉሹትሲድ ነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያደክሙት ድምፆች ደግሞ የእኛው ጠ፣ ጰ፣ ጨ፣ ፀ እና ቀ ናቸው። ቈ የምንለውም አለ። ከቀ የሚለይ፣ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣ ሌላ አለ፣ እሱን ልምምድ ይፈልጋል። አንዱ ደግሞ ምላስን ለ ላይ አስቀምጦ ድምፅ ሳያወጡ አየር በጎን መልቀቅ ነው። የሚገርመው መ እና ነ ከጥቂት ቃላት በቀር የሉትም። ቤተሰቡን ስሙን እንዲሉልሽ ጠይቂ፣ ከፈቀዱ በስልክ ቅጂው፣ በአማርኛ ፊደል ጻፊው፣ ከዚያ መምህራኑን አስተምሪ። ግን ሁሉም ልጅ የዚህ አካባቢ አይደለም፤ ያካማም፣ ናቫሆም፣ ከአላስካ የመጣ ትሊንጊትም ሊሆን ይችላል። የምዝገባ ኮምፒውተሩ የፊደሎቹን ምልክት ስለሚጥል፣ የምስክር ወረቀት ላይ እንዴት ይታተም የሚለውን ከወራት በፊት ጨርሺ።

ቋንቋውን ለሚማሩት ደግሞ፦ ከ2007 ወዲህ በስቴቱ ሕግ የቋንቋ መምህሩን ብቁ ነው የሚለው ጎሳው ራሱ ነው። ትምህርቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንደ ውጭ ቋንቋ እንዲቆጠር ካውንስለሩ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ዕቅዱ ላይ ያስገባው።

ካውንስለሩ

ላባውን በተመለከተ፣ የ2020 የስቴት ሕግ ተማሪ በምረቃ ላይ የጎሳውን ልብስና ቅርስ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የእናንተ የ8ኛ ክፍል ዝግጅት ስለሆነ ለርእሰ መምህሩ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የዕለቱ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምንም ካልሰማ በር ጠባቂ ነው፤ ስለዚህ በር ላይ የሚቆሙት ሁሉ ዝርዝሩ ይድረሳቸው። የንስር ላባ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፣ አይገዛም አይሸጥም፣ ቢጠፋ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ሠራተኛ አይቀበል፣ "ላስቀምጥልህ" አይበል፣ ኮፍያ ላይ አይሰካ፤ የሚያስረው ቤተሰብ ነው። መሬት ከወደቀም አታንሺው። አጠገቡ ቁሚና ቤተሰቡን ጥሪ።

ሰኔ30

አንድ የረሳነው፦ ሽማግሌ ወይም እናት ጋብዘሽ ልጆቹን እንዲያነጋግሩ ካሰብሽ ክፍያ ያስፈልጋል፣ የዲስትሪክቱ የአከፋፈል ወረቀት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ቀድመሽ ጀምሪው፤ የ80 ዓመት ሰው መጥተው ከተናገሩ በኋላ የታክስ ፎርም ሙሉ ማለት ነውር ነው። ምን እንደሚናገሩ እሳቸው ይምረጡ። በብዙ ጎሳዎች አንዳንድ ተረት በክረምት ብቻ ስለሚነገር በሜይ "ተረት ይንገሩን" ማለት አይሆንም። ሳይፈቅዱ አይቀረጽ። መኪና ማቆሚያውን ከበሩ አጠገብ ያዢላቸው፣ ማይክራፎኑንም ቀድመሽ ሞክሪው።