የሬይዜይ ቤተሰብ ዕቃ ቤቱን ቆልፎ መኖሩ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ጃፓኗ የኪዮቶ ከተማ የሬይዜይ መኳንንት ነው። ከገጣሚው ፉጂዋራ ኖ ቴይካ (እ.ኤ.አ. 1162–1241) የሚወለዱ ናቸው። የአያቶቻቸው ጽሑፍ ወዳለበት ዕቃ ቤት የሚገቡት አባወራውና ወራሹ ብቻ ነበሩ። ደግ አደረጉ?

አስተማሪዋ፦ እኔ ጥፋት ነው እላለሁ። በ1230 እንግዳ ኮከብ፣ ማለትም በሰማይ ላይ ድንገት የሚታይ አዲስ ብርሃን፣ ሲታይ ቴይካ ከዚያ በፊት የታዩትን ከሰማይ ተመልካቾች ጠይቆ ዝርዝሩን በማስታወሻው አኖረው። በ1054 የታየ፣ ጁፒተርን የሚያህል ኮከብ እዚያ ተጽፏል፤ ዛሬ ክራብ ኔቡላ የምንለው የጋዝ ደመና የእሱ ፍንዳታ ቅሪት ነው። ይህን ዓለም ያወቀው የማስታወሻው ግልባጮች ከቤቱ ስለወጡ ነው። ያልተገለበጠውስ?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ዋናው ከሌለ ግልባጭ ከየት ይመጣል? የቴይካ ልጅ ታሜኢዬ በ1275 ሲሞት ውርሱ ልጆቹን አጣላ። የትንሹ ልጅ እናት መነኩሴዋ አቡትሱ ስለ ሆሶካዋ ርስት ልትሟገት ከኪዮቶ የወታደራዊው መንግሥት መቀመጫ እስከነበረችው ካማኩራ ድረስ ተጓዘች፤ ፍርዱን ሳታይ ሞተች። ልጇ ታሜሱኬ የሬይዜይ ቤት መሥራች ሆነ። የወንድሞቹ ዘሮች፣ ኒጆና ኪዮጎኩ፣ ተቋርጠው ቀሩ። በ1788 ኪዮቶ ስትቃጠል የሬይዜይ መኖሪያ ወደመ፤ ዕቃ ቤቱ ግን ተረፈ።

አስተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ከእሳት ያዳነው ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ነው። ቁልፉ ምን አደረገ?

ጠበቃው፦ ጽሑፍ በእሳት ብቻ አይጠፋም። በውሰት ይወጣል፣ በስጦታ ይሄዳል፣ ሲቸግር ይሸጣል። ቁልፉ ይህን ከለከለ።

የመዛግብት ሠራተኛ፦ አሮጌ ወረቀት በየቀኑ የምነካ ሰው ነኝ። ገጹ መጀመሪያ የሚያልቀው አውራ ጣት በሚያርፍበት ጥግ ነው፤ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ስለዚህ ጠበቃውን እረዳለሁ። ደግሞ ቁልፉን ሁሉ በቤተሰቡ ላይ አናሳብብ፤ በኤዶ ዘመን (1603–1868) መጀመሪያ ዕቃ ቤቱ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ታሽጎ፣ ባለቤቶቹም መክፈት አይችሉም ነበር። በ1981 ቤተሰቡ ንብረቱን የሚጠብቅ ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ ከ1992 ጀምሮ ጽሑፎቹ በፎቶግራፍ እየታተሙ ወጥተዋል።

አስተማሪዋ፦ የ1981ዱን ውሳኔ ከልቤ አከብራለሁ። ግን ፎቶግራፍ ጃፓን የገባው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ፎቶ ደግሞ የማንንም አውራ ጣት አያስነካም። በዚያ መሀል ስንት ተማሪ የቴይካን የእጅ ጽሕፈት ለማየት ተመኝቶ እንደቀረ አስቡት።