«ማድፈጥ» ወይስ «ማዳፈን»?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ወገኖቼ፣ አንድ ሐረግ ሦስት ቀን ሙሉ ይዞኛል። ስለ ቻይና የውጭ ፖሊሲ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ከቀድሞው የቻይና መሪ ከዴንግ ዢያኦፒንግ ጋር ተያይዞ የሚጠቀስ፣ በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው) መመሪያቸው የነበረ «ታኦ ጓንግ ያንግ ኹይ» የሚባል አነጋገር አለ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በሪፖርቱ «አቅምን ደብቆ ጊዜን መጠበቅ» ሲል ፈታው። እኔም «አድፍጦ መቆየት» አልኩት። ባልደረባዬ ግን «ኧረ አይሆንም!» አለኝ።

ከቢቸና፦
ባልደረባህ እውነቱን ነው። ድመት የምታደፍጠው አይጥ አይታ ነው። «አደፈጠ» ካልክ የሚዘልበት አለው ማለት ነው፤ ሳትመረምር ፈረድክ። ቃል በቃል ምን ይላል?

ጠያቂ፦
«ታኦ» መሸፈን፣ «ጓንግ» ብርሃን፣ «ያንግ» መመገብ ወይም ማሳደግ፣ «ኹይ» ጨለማ።

ከሞጣ፦
እንግዲያ ቃሉ ከምድጃችን አለ፤ ማዳፈን ነው። እናቴ ማታ ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። ላየው ሰው የጠፋ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ጣል ታደርግና እፍ ስትልበት ይያያዛል። ብርሃኑ ተሸፈነ እንጂ እሳቱ አልሞተም፣ ለማንም ወጥመድም አልሆነ።

ጠያቂ፦
እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ! ግን የተዳፈነ እሳት ቤትም ያቃጥላል። የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የኔታ፣ ከጎንጅ፦
ልጄ፣ ቃሉ ኅብር ነው፤ ለሁለቱም ይፈታል። ወርቁ ግን ከቃሉና ከአገባቡ ካልወጣ ጥርጣሬ ነው እንጂ ወርቅ አይባልም። ደግሞ ሐረጉን ከአንገቱ ቆርጠህ አምጥተኸዋል። ቀጣይ የለውም?

ጠያቂ፦
አለው፤ «ዮው ስዎ ዙዎ ዌይ»፣ አንዳች ነገር መሥራት ማለት ነው። ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ይቀራል። በ2013 ደግሞ የቻይናው መሪ ሺ ጂንፒንግ ስለ ጎረቤት አገሮች ሲናገሩ «ፈን ፋ ዮው ዌይ» አሉ፤ ተግቶ መሥራት።

ከቢቸና፦
አመዱ ያን ጊዜ ተገለጠ በለኛ። ቻይና በሌሎች አገሮች መንገድ፣ ባቡርና ወደብ የምትሠራበት የቀበቶና መንገድ ውጥንም የዚያው ዓመት ነው።

ከሞጣ፦
«ውጥን» ያልከው ደስ አለኝ። ምኞት በልብ ይቀራል። ስፌት ወጠነች የምንለው ግን አክርማው እጇ ገብቶ የመጀመሪያውን ዙር ስትይዝ ነው። ስለ መንግሥት ሐሳብ ስንጽፍ ምኞቱንና ውጥኑን አንቀላቅል።

ጠያቂ፦
ልክ ነሽ። በ2015 ሺ ጂንፒንግ ዋሽንግተን ላይ ከኦባማ ጎን ቆመው፣ በደቡብ ቻይና ባሕር ባሉት በስፕራትሊ ደሴቶች የጦር ይዞታ የመገንባት ሐሳብ የለንም ብለው ነበር። በኋላ ሚሳኤል ተተከለባቸው። ይህን «ሐሳብ» በሚለው ቃል ብቻ ማለፍ ተማሪን ማሳሳት ነው።

ከቡሬ፦
ጅቡቲስ? ቻይናዎች በ2017 እዚያ የከፈቱትን ሰፈር እነሱ «የድጋፍ ሰፈር» ይሉታል፣ ሌላው «የጦር ሰፈር»። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወንበዴ የሚጠብቁ መርከቦቻቸው ስንቅ ይፈልጋሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያለው ወታደር ነው፤ እኔ የጦር ሰፈር እለዋለሁ። በ2016 የተመረቀውን፣ በቻይና ብድር የተሠራውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን እዚያው ከረጢት አትክተቱብኝ። ብድሩ ቢከብደንም መንገዱ የምንሻው ነበር።

ጠያቂ፦
እሺ። ለ1990ዎቹ «አዳፍኖ መቆየት»፣ ለደሴቶቹ «ውጥን»፣ ለጅቡቲ «የጦር ሰፈር» ብዬ ከጎኑ የእነሱን ስያሜ እጽፋለሁ። «አድፍጦ»ን ዛሬ ማታ ከማስታወሻው አወጣዋለሁ።