የዕቅድ ውይይት፦ የአብራሪዎች ጤና የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሦስት አንቀጽ ነው። የአቻ ድጋፍ ቡድን (የተጨነቀ አብራሪ ባልደረባውን የሚያማክርበት)፤ የጤና ፈቃዱን ለሚያጣ አብራሪ የገቢ ዋስትና፤ በበረራ ላይ ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ደንብ። አስተያየት እስከ ረቡዕ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለተኛው በማን ገንዘብ? መዋጮ ሲጨመር የተባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ረዳት አብራሪ፦ ሁለተኛው ከወጣ አንደኛው ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመንዊንግስ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ 149 ሰው ይዞ ሆን ብሎ ተራራ ላይ ሲከሰክስ፣ መርማሪዎቹ የአእምሮ ሕመሙን ለምን ደበቀ ሲሉ ከጠቀሱት አንዱ ፈቃዱን ቢያጣ ገቢውን የሚተካለት ዋስትና አለመኖሩ ነው። የጤና ቅጹ ላይ የሥነ አእምሮ ጥያቄው ጋር ስንደርስ እስክሪብቶው «የለም» ወደሚለው ሣጥን በራሱ ነው የሚሄደው።

የሥልጠና ኃላፊ፦ የአንደኛውን ጽሑፍ እኔ አዘጋጃለሁ። ማክሰኞ ይደርሳችኋል።

ጡረተኛ ካፒቴን፦ አንቀጽ ሦስት «ሁለቱ አብራሪዎች አንድ ዓይነት ምግብ አይመገቡም» ይላል። ቀድሞ የሚመርጠው ማን ነው? ካፒቴኑ ተብሎ ይጻፍ።

ረዳት አብራሪ፦ ማዕረግ ለሆድም ሆነ?

ጡረተኛ ካፒቴን፦ አንተ ገና ዳዴ ስትል እኔ በዚህ ደንብ በርሬአለሁ።

ሌላ ካፒቴን፦ እርስዎ ደግሞ አያካርሩት። በየበረራው ተራ በተራ ይሁን።

ረዳት አብራሪ፦ መጀመሪያ ያዘዘው ይውሰድ። ስለ ሰው ጭንቀት እየተነጋገርን የምንጣላው በሳህን ነው!

ሌላ ካፒቴን፦ ሳህኑን አትናቅ። በበረራ ላይ አብራሪን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው በአብዛኛው የሆድ ሕመም ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ከዋስትናው ይልቅ ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር ብንል? ወጪ የለውም።

ረዳት አብራሪ፦ አውሮፓውያን ከአደጋው በኋላ ያንን መከሩ፤ በዓመቱ ምክሩን ቀለል አደረጉት። በኋላ ግዴታ ያደረጉት የአቻ ድጋፉን ነው። የማክሰኞው ጽሑፍስ?

ጡረተኛ ካፒቴን፦ ተቆጥቼ ነበር፣ ይቅር። ተራ በተራው ይሁን፤ የመልሱን በረራ ግን ካፒቴኑ ይጀምር።

ጸሐፊ፦ የሥልጠና ኃላፊው ስልክ አያነሳም። ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። የምግቡ ደንብ አምስት ንዑስ አንቀጽ ሆኗል፤ አቻ ድጋፉ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ዋስትናው «ወደፊት ይጠናል»።

ረዳት አብራሪ፦ ፊርማዬን አውጡ።

ሒሳብ ያዥ፦ 3.4 ላይ ሦስተኛ አብራሪ ሲኖርስ?